ሕፃን ሆነው የሞቱ የቤተሰብ ልጆችን እንዴት እንፈልግ? ከድሮዋ ሲድኒ እስከ ኮተቤ ካራ

የቤተሰብ ሐረግ ስንሠራ ሁሌም የሚዘለሉ ልጆች አሉ። በሁለት ወራቸው፣ በዓመታቸው፣ ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ የሞቱት። «እነሱማ ሕፃናት ነበሩ» ይባልና ሐረጉ ያደጉትን፣ ያገቡትንና የወለዱትን ብቻ ይዞ ይወርዳል። ይህ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ልጁ ተወልዷል። ጡት ጠብቷል፣ እናቱ አልቅሳለታለች። ወንድምና እህት ነበሩት። ሐረጉ ላይ ቦታ ይገባዋል።

ችግሩ ፍለጋው ነው። ብዙ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፣ ሲያጣ ይተወዋል። እኔ ዘዴውን የተማርኩት ከሩቅ ነው። እህቴ ሜልበርን ትኖራለች። ባለቤቷ ከመጀመሪያዎቹ የአውስትራሊያ ነጭ ሰፋሪዎች የሚወለድ ነው፤ ልጆቻቸው ደግሞ የሁለቱንም ወገን ሐረግ አንድ ላይ ማየት ፈለጉ። የእናታቸው ወገን እዚሁ ካራና አካባቢው ያለነው እኛ ነን። የአባታቸውን ወገን ማታ ማታ ኔትወርክ ሲረጋጋ ከስልኬ ላይ እፈልግላቸው ጀመር። እዚያ ያየሁት አካሄድ እዚህም ሠራ፣ ስለዚህ ሁለቱንም አብሬ እጽፋቸዋለሁ። ሐረግ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማል፤ ውጭ ያገቡ ዘመዶች ላሏችሁ ደግሞ በተለይ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሕፃን ሆኖ የሞተን ልጅ በራሱ ስም በተጻፈ ወረቀት ላይ አትጠብቁት። የእናቱን፣ የአባቱንና የታናሹን ወረቀት ክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከአውስትራሊያው ወገን እንጀምር

እዚህ ክፍል ላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ ሰፈር ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።

የእንግሊዝ ግዞተኞችን የጫኑት የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሲድኒ ላይ የሰፈሩት ጥር 26 ቀን 1788 ነው። ከዚያ ጀምሮ ልጆች ተወልደዋል፣ ሞተዋልም። መንግሥት ልደትና ሞትን ራሱ መመዝገብ የጀመረው ግን ቆይቶ ነው። ቀድማ የጀመረችው ያኔ ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል የነበረችው ታዝማኒያ ናት፣ በታኅሣሥ 1838። ምዕራብ አውስትራሊያ በ1841፣ ደቡብ አውስትራሊያ በ1842፣ ቪክቶሪያ በሐምሌ 1853 ተከተሉ። የሁሉ ታላቅ የሆነችው ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ማለትም የሲድኒ ቅኝ ግዛት፣ እስከ መጋቢት 1856 ቆየች። እነዚህን ዓመቶች ጻፏቸው። ልጁ የሞተው ከዚያ በፊት ከሆነ የመንግሥት የሞት ወረቀት የለውም፤ የምትፈልጉት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚይዘው የተጠመቀበትንና የተቀበረበትን ቀን ነው። ሁልጊዜ የተወለደበትንና የሞተበትን ቀን አይነግራችሁም። መጀመሪያ ላይ የነበረው ቄስ አንድ ነው፣ ሪቻርድ ጆንሰን የሚባል። ሰፋሪው ግን ሃውክስበሪ ወንዝ ዳር ድረስ ሄዶ ያርስ ነበር። ቄስ እስኪመጣ ወይም እናትየው ከተማ እስክትወርድ ድረስ ልጅ ሳይጠመቅ ይቆያል። ሦስት አራት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ተጠምቀው ብታገኙ አትደነቁ። መሃል ላይ ተወልዶ ቄሱ ሳይደርስ የሞተው ልጅ ግን ጥምቀት መዝገብ ላይም የለም፣ እርሻው ዳር ከተቀበረ ቀብር መዝገብ ላይም የለም።

እና ምን ይደረጋል?

የልጆቹን ዓመት በተራ ጻፉና ክፍተቱን እዩ። ለምሳሌ አንዲት እናት በ1809፣ በ1811፣ በ1816 እና በ1818 የወለደቻቸው ልጆች ይታወቃሉ እንበል። ሁለት፣ አምስት፣ ሁለት ዓመት ነው ልዩነቱ። ጡት የምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ገደማ ነው የምትወልደው። ስለዚህ ከ1811 እስከ 1816 ያለው አምስት ዓመት መጠየቅ አለበት። 1813 ወይም 1814 ላይ የጠፋ ልጅ ሊኖር ይችላል። ባልየው ርቆ ሄዶም ሊሆን ይችላል፣ ፅንስ ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ምልክት አለ። የጠበበ ልዩነትም ይናገራል። ሁለት ልጆች በ12 ወይም በ13 ወር ልዩነት ከተወለዱ ታላቁ በጨቅላነቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ጡት ማጥባቱ ሲቋረጥ እናት ቶሎ ታረግዛለች። ስለዚህ የሰፋውንም የጠበበውንም አክብቡት።

ቀጥሎ ስሞቹን እዩ። እንግሊዞቹ የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ልጅ መልሰው መስጠት ያዘወትሩ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዊሊያም ተጠምቆ ካገኛችሁ የመጀመሪያው ሞቷል ብላችሁ ፍለጋ ጀምሩ። ብዙ የሐረግ ሠሪ ሁለቱን ዊሊያሞች አንድ ሰው ያደርጋቸውና የትልቁን የልደት ቀን ለትንሹ ይሰጠዋል። ያኔ አንድ ልጅ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ቆጠራው። ቅኝ ግዛቱ በየጊዜው ሰውን እየጠራ ይቆጥር ነበር፤ መስተር ይሉታል። በ1828 ደግሞ ሙሉ የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ስም፣ ዕድሜና ሃይማኖት፣ በየትኛው መርከብ እንደመጣ፣ ነፃ ሆኖ መምጣቱ ወይም ቅኝ ግዛቱ ውስጥ መወለዱ ሁሉ ተጽፏል። እዚያው የተወለደ ሰው ስም አጠገብ «ቢ ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ታያላችሁ። በ1824 የተጠመቀ ልጅ በ1828 ወላጆቹ ቤት ከሌለና ሌላ ቤትም ካልተገኘ፣ የአራቱን ዓመት የቀብር መዝገብ ገጽ በገጽ ሂዱበት። በዚያው በ1828 ትክትክ ሲድኒ ገብቶ ሕፃናትን ፈጅቷል፤ የአገረ ገዢው የራልፍ ዳርሊንግ ልጅ እንኳ አልተረፈም። እንዲህ ያለውን የወረርሽኝ ዓመት ማወቅ ፍለጋውን በጣም ያጠበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቁልፍ። ከ1856 በኋላ የወጣ የኒው ሳውዝ ዌልስ የሞት ወረቀት፣ የሟቹን በሕይወት ያሉ ልጆች በስምና በዕድሜ ይዘረዝርና የሞቱትን «ሁለት ወንድ፣ አንድ ሴት» ብሎ በቁጥር ያስቀምጣል። የልደት ወረቀትም ከዚህ በፊት የተወለዱትን፣ ያሉትንም የሞቱትንም ይጠይቃል። ስለዚህ በ1815 ሞቶ ምንም ወረቀት የሌለው ልጅ፣ እናቱ በ1860 ስትሞት ወረቀቷ ላይ ብቅ ይላል። ስሙ ባይኖርም ቁጥሩ አለ። የቪክቶሪያው መዝገብ ደግሞ ከሁሉም የተሟላ ነው፤ ከ1853 ጀምሮ ሥርዓቱን የዘረጋው ዊሊያም ሄንሪ አርቸር ብዙ ጥያቄ ቅጹ ውስጥ አስገብቷል። የምትከፍሉት ገንዘብ ካለ የአባትየውን ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሞተችውን የእናትየውን ወረቀት ግዙ። መረጃውን የሰጠው ያደገ ልጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ ከመወለዱ በፊት የሞቱትን ላያውቅ ይችላል።

ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ የሚከተለውን አስቡ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መዝገብ ቤት ማውጫ ከ30 ዓመት በላይ ያለፋቸውን ሞቶች በነፃ ያሳያል፣ የሚከፈለው ወረቀቱን ለማዘዝ ነው። የታዝማኒያ ቤተ መጻሕፍት ግን የመዝገቡን ገጽ ራሱን በፎቶ በነፃ ስላስቀመጠው፣ ለመለማመድ ከዚያ ጀምሩ። የልጁን ስም ባዶ ተዉት። ብዙ ሕፃን «ወንድ» ወይም «ሴት» ተብሎ ብቻ ነው የተመዘገበው። በአባት ስም ካጣችሁ በእናት ስም ሞክሩ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጆች በቤተ ክርስቲያን አልተጋቡም፤ በ1806 ቄስ ሳሙኤል ማርስደን የሴቶቹን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ልጆቹን በጋብቻ የተወለዱና ያልተወለዱ ብሎ ለይቷቸው ነበር። የቤተሰብ ስም አጻጻፉም ከገጽ ገጽ ይለያያል። ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው።

ጋዜጣውንም አትርሱ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በሚባለው አገልግሎቱ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ ከፍቷል። የመጀመሪያው የሲድኒ ጋዜጣ ከ1803 ጀምሮ አለ። ወንዝ የወሰደው፣ ምድጃ ላይ ልብሱ የተቀጣጠለበት፣ ጫካ ገብቶ የጠፋ ልጅ ሞቱ ይመረመር ስለነበር ዜናው ይወጣል። በበሽታ የሞተው ግን ቤተሰቡ ባለጠጋ ካልሆነ አይወጣም።

የሞት ምክንያት ሲጽፉ «ጥርስ ማብቀል»፣ «መንዘፍዘፍ»፣ «የእግዚአብሔር ጉብኝት» ይላሉ። እንዳለ ቅዱት። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ይሄ ማጅራት ገትር ነው፣ ያኛው ተቅማጥ ነው አትበሉ። ግምታችሁን ለብቻው ጻፉት።

መቃብሩን ለማየት የሚያስብ ካለ፣ ከ1792 እስከ 1820 የሲድኒ ሰው የተቀበረበት ቦታ ዛሬ የከተማው አዳራሽ ያለበት ነው። ቀጥሎ የተከፈተው የዴቨንሻየር መንገድ መቃብርም በ1901 ለባቡር ጣቢያ ሲባል ተነሥቷል። ፓራማታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ መቃብር ግን ከ1790 ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የአገሩ ባለቤቶች ልጆች አብዛኞቹ እነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሉም። በ1789 ፈንጣጣ በሲድኒ ዙሪያ ያሉትን አቦርጂኖች ክፉኛ ፈጅቷል። ከሞቱት ሕፃናት መሃል ቄስ በስሙ የጻፈው የለም። ሐረጉን ለእህቴ ልጆች ስልክላቸው፣ ሰፋሪዎቹ ያረሱት መሬት የማን እንደነበር አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። እናንተም ጨምሩ።

እዚሁ ካራ ሲሆን

እዚህ ወረቀቱ ያንሳል፣ ሰዉ ግን በሕይወት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ እናቶች ናቸው። ዛሬ ነገ አትበሉ።

አጠያየቁ ላይ ነው ነገሩ። «እማማ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» ብትሏቸው ያሉትን ይነግሯችኋል። «አራት።» አለቀ። «እማማ፣ በጠቅላላው ስንት ወለዱ?» በሏቸው። ትንሽ ዝም ይሉና «ስምንት ወልጄ አራቱን አፈር በላብኝ» ይላሉ። ያኔ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የመጀመሪያው ማን ነው? ከእሱ ቀጥሎስ? በእሱና በእሷ መሃል ሌላ ነበር? አልቅሶ ወይም ተንፍሶ ወዲያው ያረፈ አለ? አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎችም ሴቶችን የሚጠይቁት በዚህ መንገድ ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ወደ 67 ወርዷል። እናቶቻችንና አያቶቻችን የወለዱት ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። ስለዚህ የሞተ ልጅ የሌለበት ቤት ካገኛችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ቡና ሲፈላ ጠይቁ፣ ግን ሰው ሲበዛ አይሆንም። ምራትና አማች ፊት የማይነገር ነገር አለ። ለቅሶ ሰሞን ተዉት። ስልክ ከመቅዳቱ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። እናትየው ካለቀሱ ጽሑፉን አቁሙና አብራችሁ ተቀመጡ፤ ሌላ ቀን አለ። የካራ፣ የለገጣፎ፣ የሰንዳፋ ድሮ ነዋሪ ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና፣ እማማ በኦሮምኛ ማውራት የሚቀላቸው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ሐዘኑን በሁለተኛ ቋንቋ በደንብ አያወራም።

ዓመት ላያስታውሱ ይችላሉ። ክስተት አስታውሷቸው። ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ? መሬት ላራሹ የታወጀ ጊዜ ልጁ ነበር? የ77ቱ ድርቅ ላይስ? ኢሕአዴግ ሲገባ ታዝሎ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር? ከዚህ ሁለት ዓመት አካባቢ ስህተት ይኖራል፣ ችግር የለውም።

ስሞችም ይናገራሉ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ ከእሱ በፊት ማን ሞቶ እንደተተካ ጠይቁ። አያት ወይም አጎት ሞቶም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ስሙ ለጥያቄ በር ይከፍታል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የዓመት ክፍተቱም እንደ አውስትራሊያው ይሠራል። የሰፋውንም የጠበበውንም አክብቡ።

«የት ተቀበረ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዕድሜውን ይነግራችኋል። ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን በብዙ ቤት ያለ ፍትሐት፣ እዚያው ጓሮ ወይም አጥር ሥር ነው የሚቀበረው፤ እናትየውም እንዳታለቅስ ትከለከላለች። «ጓሮ ነው» ካሏችሁ ገና ክርስትና ያልተነሣ ነበር ማለት ይሆናል። «ቤተ ክርስቲያን ነው» ካሏችሁ የክርስትና ስሙን ጠይቁ። የዓለም ስሙ ተረስቶ የክርስትና ስሙ ብቻ የቀረ ልጅ ብዙ ነው፣ እሱንም እናት ባታስታውሰው የክርስትና እናት ወይም የንስሐ አባት ያስታውሱ ይሆናል። ሙስሊም ቤት ከሆነ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ስለሆነ፣ ከሳምንት በላይ የቆየ ሕፃን ስም አለውና አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ስለ በሽታው የሚነገራችሁን እንደተነገራችሁ ጻፉ። ምች፣ ዓይን፣ ትክትክ፣ ኩፍኝ። «ሾተላይ አለባት» ከተባለች እናት ጋ በተለይ ቆዩ። የመጀመሪያው ልጅ ደህና አድጎ፣ ተከታዮቹ በተወለዱ በቀናት ውስጥ እየተከታተሉ የሞቱ ከሆነ፣ ዛሬ ሐኪሞች የእናትየውና የአባትየው የደም ዓይነት አለመስማማት ይሆናል ብለው የሚመረምሩት ነው። ይህን መረጃ ሴት ልጆቿ ሲያረግዙ ለሐኪም ቢነግሩት ይጠቅማቸዋል፤ አርኤች ለሚባለው የደም አለመስማማት መከላከያ መርፌ አለ። አንዳንዷ እናት ዕድሜ ልኳን ስትወቀስበት የኖረችው ነገር ነውና፣ ይህንንም ቀስ ብላችሁ ንገሯት።

ወረቀት ስትፈልጉ

ካራና የካ አባዶ የመሳሰሉ ሰፈሮች ትናንት እርሻ ነበሩ። ስለዚህ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለውን መዝገብ ቀበሌ ብቻ አትጠይቁ፤ ገበሬ ማኅበርም ነበር። የገበሬ ማኅበር ዝርዝር አባወራውንና የቤተሰቡን ብዛት ይይዛል። ያ ለእኛ እንደ ሲድኒው መስተር ነው። «የቤተሰብ ብዛት 7» ብሎ እናንተ የምታውቁት ስድስት ብቻ ከሆነ ሰባተኛው ማነው? የደርግ ዘመን የራሽን ካርድ ያስቀመጠ ቤትም አለ፣ ስኳርና ዘይቱ የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ስለነበር። መሬቱ ለልማት የተነሣበት ገበሬ ደግሞ የልማት ተነሺ ፋይል አለው፣ እዚያ ውስጥ የቤተሰብ ዝርዝር ሊገኝ ይችላል። ሳጥን ክፈቱ፣ ፍራሽ ሥር እዩ። የክትባት ካርድ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሡት።

ወሰኑም ይቀያየራል። የካ ከነበረው ከፊሉ ዛሬ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ለገጣፎ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን እንደገና ተካሏል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ዘመን ሰፈሩ በማን ሥር እንደነበር ሽማግሌ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ከመስኮት መስኮት ስትመላለሱ ትውላላችሁ።

እድር ጥሩ ነው፣ ግን ልኩን እወቁ። የእድር መዝገብ ገንዘብ የወጣበትን ሞት ነው የሚይዘው። በብዙ እድር ደንብ ለጨቅላ ሕፃን ገንዘብ አይከፈልም፣ ድንኳንም አይተከልም። ከፍ ላለ ልጅ ግን ሊኖር ይችላል፤ የእድሩን ጸሐፊ በአክብሮት ጠይቁና የአባትየውን ስም ተከተሉ፤ ልጁ የሚጻፈው በስሙ ሳይሆን «የአቶ እገሌ ልጅ» ተብሎ ነው። የድሮ ጡሩምባ ነፊ ካላችሁ እሳቸውን አትዝለሉ። የሰፈሩን ሞት ሁሉ በእግራቸው የዞሩት እሳቸው ናቸው።

ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ መቃብሮች የሚፈጸመውን ቀብር የሚመዘግብ የጥናት ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ተጀምሯል። ዓላማው የሞት መንስኤን ማጥናት ነው፣ ለቤተሰብ ሐረግ የተሠራ አይደለም። እንዲያም ሆኖ የመቃብር ጠባቂዎች መጻፍ የለመዱት በዚህ ነውና፣ ልጁ ከዚያ ወዲህ ከተቀበረ ደብሩ ጋ የቀረ ደብተር ካለ ጠይቁ።

መንግሥታዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ወጥቶ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ጊዜው ያለፈበትም ይመዘገባል፤ ወረዳው ማስረጃና ምስክር ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የሞተባችሁ ካላችሁ፣ ከአቅም በላይ ካልሆነባችሁ በስተቀር፣ ሂዱና አስመዝግቡት። አሁን ያለው ትውልድ ላይ ወረቀቱ አለ፤ እንዳለ የማያውቀው ብዙ ስለሆነ ነው ደግሜ የምለው።

አጻጻፉ

አንድ ልጅ፣ አንድ መስመር። ስም ከሌለው ስም አትፍጠሩለት። እንዲህ ይበቃል፦ «ወንድ ልጅ፣ ስም ያልወጣለት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ልጅ መሃል፣ 1976 ወይም 1977 ዓ.ም.፣ ከክርስትና በፊት ያረፈ፣ ጓሮ የተቀበረ፣ እናቱ እንደነገሩኝ፣ ሾተላይ ነው ተብሏል።» ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ የግድ ይጻፍ። በሰው ቃል የተገኘውንና በወረቀት የተገኘውን በሁለት ቀለም ለዩ፤ ከክፍተት የገመታችሁትን ደግሞ በእርሳስ።

ሁለቱን ወገን አንድ ሐረግ ላይ ስታመጡ ዓመቱን አታደባልቁ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ነው ልዩነቱ። ለአዋቂ አንድ ዓመት ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ሕፃን ላይ ግን አንድ ዓመት ከተሳሳታችሁ ከመወለዱ በፊት ሊሞትባችሁ ነው። እኛ ቤት ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ነው የጻፍነው፣ የእህቴ ልጆች እንዲገባቸው።

ኢንተርኔት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት እናትየው በሕይወት ካሉ አስፈቅዱ። ስትጨርሱም ተመልሳችሁ አንብቡላቸው። እርማቱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ አንዷ «እሱማ ከእሷ በፊት ነው» ይላሉ፣ ሌላዋ ረስተውት የነበረውን ስም ያስታውሳሉ። ያንን ጨምሩና ሁለተኛውን ቅጂ ሌላ ቤት ለሚኖር ዘመድ ስጡ።